አንገት ሳይነቃነቅ

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ከጽዳት ሠራተኞቹ ጀምሮ እስከ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ድረስ «እትዬ አንዴ» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አንድ ሽማግሌ ቀዶ ሐኪም ነው። ጓንቱን እያጠለቀ «ገባ?» ይላታል፤ እሷም ቱቦውን በበሽተኛው አፍ አሳልፋ፣ በፕላስተር ለጥፋ ቀና ትልና «አንዴ!» ትለዋለች። በአንድ ሙከራ ማለቷ ነው። ኋላ የማነሣው ጥናት እስኪመጣ ድረስ ሃያ ሦስት ዓመት ማደንዘዣ ስትሰጥ «ሁለቴ» ያለችበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ሰው ለኦፕራሲዮን ሲደነዝዝ ትንፋሹም አብሮ ያርፋል። ከዚያ በኋላ የሚተነፍስለት ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ያለ ቱቦ አይተነፍስም። ያንን ቱቦ በአፍ አስገብቶ አየር ቧንቧው ውስጥ መክተት የእሷ ፋንታ ነው። መሣሪያዋ ላሪንጎስኮፕ ይባላል፤ በግራ እጅ የሚያዝ፣ እጀታው ባትሪ የጎረሰ፣ ጫፉ እንደ ረጅም ማንኪያ የጎበጠ ብረት። ምላስን ወደ ጎን ገፍቶ፣ መንጋጋን አንስቶ ጉሮሮን ያሳያል። ታዲያ እንዲያሳይ የበሽተኛው ራስ ወደ ኋላ ቀና ማለት አለበት። ዓይኗና የበሽተኛው አፍ ከአየር ቧንቧው ጋር አንድ መስመር ላይ ካልዋሉ ከሥጋ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

መከራው አንገቱ የተሰበረ ወይም ተሰብሯል ተብሎ የተፈራ ሰው ሲመጣ ነው። ከፎቅ የወደቀ፣ መኪና የተገለበጠበት። እንዲህ ዓይነቱ በሽተኛ አንገቱ ላይ ኮላር የሚባል ጠንካራ መደገፊያ ታስሮ ይመጣል። ኮላሩ እንደታሰረ አፍ አይከፈትምና ፊት ለፊቱን ይፈቱለትና አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይዞ ከአልጋው ጋር ያጣብቀዋል። አንገት አይነቃነቅም፤ ከተነቃነቀ ውስጡ ያለው የነርቭ ገመድ ሊጎዳ ይችላል። እሷ ታዲያ የምትፈልገው ራሱ ቀና እንዲልላት ነው፤ ያዡ የሚፈልገው ደግሞ ንቅንቅ እንዳይል ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ያዡ «ብሎን» የሚሉት የኦፕራሲዮን ክፍል ረዳት ነበር። መዳፉ ሳህን የሚያህል፣ ቀልደኛ፣ የአራት ልጆች አባት። አንዴ ከያዘ መፍቻ ካልመጣ አይላቀቅም ብለው ነው ያወጡለት። ከእትዬ አንዴ ጋር አሥራ አራት ዓመት አንድ አልጋ ራስጌ ቆመዋል፤ እሷ ከላይ፣ እሱ ከጎን ጎንበስ ብሎ፣ ክርኖቻቸው ተነካክተው። ቃል አይለዋወጡም ነበር። ቅንድቧን ካነሳች ትራስ ይመጣል፤ ከንፈሯን ከነከሰች የምራቅ መሳቢያው እጇ ላይ ነው።

ቤት ስትገባ የምትጠብቃት አንዲት ታናሽ እህቷ ናት። እትዬ አንዴ በዘጠኝ ዓመት ትበልጣታለች፤ ያሳደገቻትም እሷው ናት። እህትየው የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ፈተና ስትፈትን በሁለት ረድፍ መካከል ወዲያ ወዲህ ስትል ኮራጅ ሁሉ ላብ በላብ የሚሆንባት ዓይነት። ምላሷም ያው ነው።

አንድ ዓመት፣ ድሮ እትዬ አንዴ ራሷ ያስተማረችው ወጣት ዶክተር ጥናት ይዞ መጣ። በትንሽ ጥቁር ሻንጣ አዲስ መሣሪያ ነበረው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ፣ እጀታው ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ስክሪን። ካሜራው ከምላስ ኋላ ስለሚያይ አንገት ቀና አለ አላለ ግድ የለውም። ሻጩ ለስምንት ወር ነው ያዋሰው።

«እትዬ፣ ስድሳ በሽተኛ» አላት ዶክተሩ። «ሁሉም ኮላር ያሰሩ። ሠላሳው በድሮው ብረት፣ ሠላሳው በካሜራው። ማን በየትኛው እንደሚሆን በየጊዜው በሚከፈት የታሸገ ፖስታ ነው የሚወሰነው። አስገቢዋ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እጅ እንዳይለያይ።»

«ከዚያስ?»

«ካሜራው ከበለጠ ሆስፒታሉ ይገዛል። ዳይሬክተሩ ቃል ገብተውልኛል። ካልበለጠ ሻንጣው ይመለሳል።»

የሚቆጠረው ሦስት ነገር ነበር፤ ስንት ሰከንድ ፈጀ፣ በስንተኛው ሙከራ ገባ፣ አንገት ተነቃነቀ ወይስ አልተነቃነቀም። ሰከንዱን አንዲት ነርስ ሰዓት ይዛ ትቆጥራለች። የአንገቱን ነገር ግን ከያዘው ሰው በቀር ማን ሊያውቅ ይችላል? ስለዚህ በሦስተኛው መስመር ላይ ምልክት የሚያደርገውም የሚፈርመውም ብሎን ሆነ። ነገር የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ሻይ ክፍሉ ለስምንት ወር ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«ዛሬ የማን ተራ ነው፣ የካሜራው ወይስ የእትዬ?»

«ለካሜራውም ሻይ ቅዱለት እንጂ፣ እሱስ ሠራተኛ አይደለም?»

«ተዉት፣ እሱ ገና በሙከራ ላይ ነው፤ አልተቀጠረም።»

እሷም ትስቅ ነበር። ውስጧ ግን ቆስሎ ነበር። የሦስት ወር ልምድ ያላት ልጅ ከጥናቱ ውጭ ካሜራውን ይዛ፣ እንደ ቴሌቪዥን ስክሪን እያየች፣ ቱቦውን ስታስገባ አይታለች። ሃያ ሦስት ዓመት ወገቧን የቆረጣት፣ ግራ ትከሻዋን ያጎበጣት ሥራ በባትሪ ሊሠራ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለብሎን እንኳ። ለብሎን ግን መንገር አያስፈልግም ነበር።

ሃያ ሁለተኛው በሽተኛ ከመሰላል የወደቀ ቀለም ቀቢ ነው። አንገተ ወፍራም፣ ጥርሱ ትልልቅ፣ ጢሙ ላይ ነጭ ቀለም የደረቀበት። ፖስታው ተከፈተ፤ የድሮው ብረት። አስገባች፣ አነሳች። ከምላሱ ሥር ቀይ ሥጋ ብቻ። ነርሷ «አሥር» አለች። ደግማ አነሳች፤ ምንም። ከንፈሯን ነከሰች።

ያኔ ብረቱ ቀለለ። ጣት የማይሞላ ነገር ነው፤ የሰውየው ራስ በብሎን መዳፍ ውስጥ ወደ ኋላ ትንሽ ሰጠም አለ። የአየር ቧንቧው አፍ ብቅ አለላት፤ ቱቦውን ሰደደች።

«አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ!» አለች ነርሷ እያጨበጨበች።

ብሎን ጣሪያውን ነበር የሚያየው። ከዚያ ቅጹን ተቀብሎ «አልተነቃነቀም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገና ፈረመ።

እጃቸውን ሲታጠቡ «እትዬ፣ ያንን ሰውዬ እንዴት አርገሽ አገኘሽው?» አላት።

«አንተ አታውቅም?»

«እኔ ምን አውቄ! እኔ ያዥ ነኝ።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ትረግመዋለች። ሰውየው በሳምንቱ በእግሩ ሄዶ ወጣ፤ አንገቱም ደህና ነበር። «ምንም አልሆነም እኮ» አለች ለራሷ። ከዚያ በኋላ ከንፈሯን በነከሰች ቁጥር ብረቱ ይቀልላት ጀመር። በስንቱ ላይ እንደቀለለ አልቆጠረችም። አለመቁጠሯም አውቃ ነው።

ውጤቱ ሲነገር አዳራሹ ሞላ። በካሜራው ከሠላሳው ሃያ ዘጠኙ በመጀመሪያ ሙከራ ገብቷል። በድሮው ብረት ሃያ ስምንቱ። አንገት የተነቃነቀበት በሽተኛ በሁለቱም በኩል የለም። ዶክተሩ የጠበቀው ይህን አልነበረም፤ ፊቱ ያስታውቃል። ሐቀኛ ልጅ ስለሆነ ግን ያገኘውን አነበበ።

«እንግዲህ ልዩነት ከሌለ ምን ያስገዛናል?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እትዬ ስለተካኑ ነው» አለ ዶክተሩ። «ሌላ ሰው ቢሆን…»

እሷ ተነሳች። ማንም አልጠየቃትም። «ሰው አስተምሩና ዕቃውን መልሱት» አለች። ቤቱ በጭብጨባ ፈረሰ። በማግስቱ ሻንጣው ተዘግቶ ሄደ፤ ለእሷ በመስታወት ክፈፍ የገባ የምስጋና ወረቀት ተሰጣት።

ማታ እህቷ ወረቀቱን ተቀብላ እንደ ተማሪ ደብተር ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ስንት ከስንት አመጣሽ?»

«ሃያ ስምንት ከሠላሳ።»

«ሁለቱን የት ጣልሻቸው?»

ሳሎን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ አሥራ አንድ ወር አለፈ። አንድ ጠዋት አስተማሪዎችን የጫነ ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ተገለበጠ። ድንገተኛ ክፍል ከገቡት አንዷ እህቷ ነበረች። መንጋጋዋ ተሰብሯል፤ አፏ ደም በደም ነው፤ ሆዷ ውስጥም እየደማ ነው፤ አንገቷ ላይ ኮላር አለ። ግን ንቁ ናት። በተያያዘ ጥርሷ «እታለም፣ አትደንግጪ፤ እዪው፣ ጣቴ ይሠራል» አለቻትና እጇን ጨመቀቻት። ቀዶ ሐኪሙ የእግሯን አውራ ጣት ሲቆነጥጣት እግሯን ሰበሰበች። «ሁለቱም እጅ፣ ሁለቱም እግር ይንቀሳቀሳል» ብሎ ጻፈ። ይህን ጽሑፍ እትዬ አንዴ ካርዱ ላይ በዓይኗ አይታዋለች።

የራስን ሰው ማደንዘዝ አይፈቀድም፤ ስለዚህ አንዲት ወጣት ባልደረባዋ ገባች። እሷ ከመስታወቱ በር ውጭ ቆመች። ልጅቱ አንዴ ሞከረች፤ ብረቱን መልሳ አወጣች። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም አወጣች። በሩ ተከፈተ።

«እትዬ ነይ! ነይ በቃ፣ ምንም አይታየኝም!»

ብረቱን ከልጅቱ እጅ ተቀበለች። ብሎን ጎንበስ ብሎ የእህቷን ራስ በሁለት መዳፉ ይዟል፤ ዓይኑ ቀልቷል። እቤቷ በልቶ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ትልቋን ልጁን ሒሳብ ያስጠናችው እህቷ ናት።

«ብሎን፣ እንዳትለቅ።»

«እሺ እትዬ።»

አስገባች፣ አነሳች። ደም፤ ደሙን ሳበች። ሥጋ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፤ ሥጋ። ብሎን እንደ ስሙ ይዟል፤ ብረቱ ድንጋይ የሚያነሳ ይመስል ነበር። መሣሪያዋ ያለ እሱ ውለታ ምን ያህል እንደሚያሳይ ያወቀችው ያኔ ነው። ምናልባት ከጥናቱ በፊትም ሲቀልላት ኖሮ ይሆናል፤ ያን ሁሉ ዓመት ሠርታበት አታውቀውም ነበር።

ሞኒተሩ ኦክስጅን ሲወርድ ድምፁን እያወፈረ ነው የሚጮኸው። ሰማንያ ስምንት። ማስክ ጫኑባት፤ በተሰበረው መንጋጋ በኩል አየሩ ያመልጣል። ሰባ ዘጠኝ። እንደገና ብረቱን አስገባች። ሰባ አንድ። ቀዶ ሐኪሙ ጉሮሮዋን ለመቅደድ ቢላ እየጠየቀ ነው፤ ቢላው ከዕቃው መካከል እየተፈለገ ነው።

«እትዬ…» አለ ብሎን።

እየጠየቃት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን በቃል ተጠይቃ አታውቅም፤ መልስም ሰጥታ አታውቅም።

«ልቀቅ» አለች።

ብረቱ ቀለለ። አየር ቧንቧው ብቅ አለ። ቱቦው ገባ። «አንዴ» ያለ የለም።

እህቷ በሦስተኛው ቀን ነቃች። እጆቿ እየደከሙም ቢሆን ይንቀሳቀሳሉ። እግሮቿ አልነቁም። ቀዶ ሐኪሙ እብጠት ነው አለ፤ መጀመሪያ ደህና የነበረ ነርቭ በኋላ በእብጠት ሲታፈን ያጋጥማል አለ፤ አደጋው ራሱ ነው አለ። እውነት ሊሆን ይችላል። ባታስለቅቀው ኖሮ እህቷ እዚያው አልጋ ላይ ታፍና ልትሞት ትችል ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ካሜራው ቢኖር ኖሮ ግን ያ ጥያቄ ባልተጠየቀ ነበር። እንቅልፍ የነሳት ይሄኛው ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ቤት አምጥተዋት፣ አልጋዋን ሳሎን ዘርግተውላት፣ አንድ ከሰዓት ሁሉንም ነገረቻት። ቀለም ቀቢውን፣ ሳቁን፣ ፊርማውን፣ «ልቀቅ» ያለችውን። እህቷ ግድግዳው ላይ ያለውን የምስጋና ወረቀት እያየች ሰማቻት።

«ሃያ ሁለት ዓመት ኩረጃ ስይዝ ኖርኩ» አለች በመጨረሻ። «እቤቴ ውስጥ አንድ ሲሰቀል አጨበጨብኩ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ለእግሬ ነው ወይስ ለፈተናው?»

እትዬ አንዴ አንሶላውን እግሮቿ ላይ አስተካከለችላት።

«እግሬን ማን እንዲህ እንዳደረገው አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ፈተናውን ግን ታውቂዋለሽ። እሱን ሂጂና አርሚ።»

ሄደች። ዶክተሩ ሲሰማ ተቀመጠ። ጥናቱ ታትሟል። ጽሑፉ እንዲሰረዝ ለመጠየቅ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ደግሞ ብሎን ነው። ሦስቱ አንድ ክፍል ተቀመጡ።

«እኔ አልለቀቅኩም» አለ ብሎን መሬት መሬት እያየ። «ስድሳውም ላይ ፈርሜያለሁ።»

«አንተ! ዓይኔን አይተህ ንገረኝ!»

«አራት ልጆች አሉኝ እትዬ። ለአንቺ ብዬ ነበር እንጂ…» አለና አፉን ያዘ። ዶክተሩ ቀና ሲል ደግሞ «አልለቀቅኩም» ብሎ ወጣ። ዶክተሩ ተከትሎት ወጣ፤ ሊያባብለውም ሊያስፈራራውም ሞከረ። ከዚያ ቃል ግን ሌላ አላወጣም።

ወረቀቱን ማረም ካልተቻለ ሥራውን አርማለሁ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮላር ያሰረ ሰው ሲመጣ ብረቱን ከማንሳቷ በፊት ሰው ሁሉ እየሰማ ትጠይቃለች።

«ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

ከዚህ ሌላ አይነጋገሩም። እሱም በእርግጥ ይይዛል፤ ያን ያህል ነው የሚያፍራት። በአምስት ወር ውስጥ አሥራ ሰባት ሰው መጣ። በመጀመሪያው ሙከራ የገባው የስምንቱ ብቻ ነው። የሌሎቹ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የአንዱ ጉሮሮ በቢላ ተከፈተ። ሁሉንም፣ ሰከንዱን ሳይቀር፣ በገዛ እጇ ጻፈች። ሻይ ክፍል ስትገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። «እትዬ አንዴ» የሚላትም ቀረ፤ «እትዬ» ብቻ አሏት።

ዝርዝሩን ይዛ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ካሜራው ይገዛ የሚል ደብዳቤ አብሮ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከመሳቢያቸው የዱሮውን ጥናት አውጥተው ጎን ለጎን አስቀመጡት።

«እትዬ፣ ብረቱ ያው ብረት ነው?»

«ያው ነው።»

«ያዡም ያው?»

«ያው ነው፤ ግን ያኔ አይይዝም ነበር። ደብዳቤው ላይ ጽፌዋለሁ።»

«እሱ ይዣለሁ ብሎ ፈርሟል።» ወረቀቶቹን ገጣጠሟቸው፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። «ያኔ ከሠላሳ ሃያ ስምንት፤ አሁን ከአሥራ ሰባት ስምንት። አየሽ፣ እኔም እናቴን ያስታመምኩ ሰው ነኝ። የቤት ሐዘን እጅ ይሰብራል። ደክመሻል። በክብር ብናሳርፍሽ አይሻልም?»

«እኔን አሳርፉኝ፤ ካሜራውን ግዙ።»

«ጥናቱ አያስፈልግም ይላል እኮ። የራስሽ እጅ ነው የሠራው።»

እሳቸውም አልዋሹም፤ ፊታቸው ያለው ወረቀት የሚለው ያንኑ ነው።

የሽኝቱ ቀን ሻይ ክፍሉ በወረቀት አበባ አጊጧል። ሰዓት ያዧ ነርስ አለቀሰች። ብሎን በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሲያጨበጭቡ አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ስጦታውን ገለጡት፤ የድሮው ላሪንጎስኮፕ ነው፤ ብረቱ ተወልውሎ፣ በቀይ እንጨት ላይ ተቸንክሮ፣ ከሥሩ «አንዴ» ተብሎ ተቀርጾበታል። ሌሎች ሦስት የእሱ ቢጤዎች ከኦፕራሲዮን ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ በማግስቱም የሚሠራው በነሱ ነው።

በጨርቅ ጠቅልላ ቤት ይዛው ገባች። መጀመሪያ ወደ ቁም ሣጥኑ ነበር የሄደችው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እህቷ ከአልጋዋ።

ገልጣ አሳየቻት። እህትየው ጽሑፉን አነበበችው። የምስጋናው ወረቀት ከወረደ ወዲህ ምስማሩ ብቻውን ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

«እዚያ ስቀይው» አለቻት። «አንገቴን ሳላዞር የማየው ቦታ ነው።»